አውራጅና ተቀባይ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ጋብ ባለ ቁጥር ከአጥር ጀርባ የልጆች ድምፅ ይሰማል። ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ገና ሲጀምር ጎረቤቱ አጋምሷል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ጨርሶ ወደ ክፍል እየገባ ነው። የቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን ስም የያዘው ኮልፌ ቀራንዮ በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ እንኳ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ በአንድ ጠዋት እዚህ ስንት ልጅ እንደሚዘምር ከዚህ መገመት ይቻላል። መዘምራን ሲባል ነጠላ ያጣፋ ወይም ካባ የደረበ ሰው ይታየናል። የአገራችን ትልቁ የመዘምራን ጉባኤ ግን ይኸው ነው፦ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ በየክፍሉ የተሰለፈ ልጅ።

የሚዘምሩት በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለውን፣ ዜማውን ሰሎሞን ሉሉ የደረሱትን ብሔራዊ መዝሙር ነው። ብዙ ጊዜ ግን መዝሙሩ ይጮኻል እንጂ አይዘመርም። ከፊት ያለው ጉልበተኛ ድምፅ ባሻው ከፍታ ይጀምራል፤ ሌላው ይከተለዋል፤ ዜማው ከፍ ሲል ጉሮሮ አልደርስ ይላል፤ ልጆቹ ወይ ይሳሳቃሉ ወይ ዝም ይላሉ።

አንድ ጠዋት እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ቆሜ የሰማሁት ከዚህ የተለየ ነበር። የሙዚቃ መምህርቷ ከሰንደቁ እንጨት አጠገብ ቆመው፣ አፋቸውን ገጥመው፣ የመነሻዋን ድምፅ በዝቅታ አንጎራጎሩ። የፊተኛው ረድፍ ተቀበላቸው። ድምፁ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተላለፈ እስከ ግቢው ጥግ ደረሰ። ያን ጊዜ መዳፋቸውን አነሡ፤ ሁሉም ዝም አለ፤ ግቢው ሙሉ ልጅ ባንድ ጊዜ አየር ሳበ። ከዚያች ትንፋሽ በኋላ የወጣው ድምፅ ከጩኸት ያነሰ ነበር፤ ግን ከጩኸት ይልቅ ራቅ ብሎ ይሰማል። ይህን ያደረገ ሰው እጅ ያለው ባለሙያ ነው ብዬ፣ ፈቃድ ጠይቄ ሦስት ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ።

ክፍሉ ውስጥ ስድሳ የሚሆኑ የአራተኛ ክፍል ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተቀምጠዋል። መሣሪያዎቹ አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ ሁለት ዋሽንትና ቆዳው በመዳፍ ብዛት የጠቆረ ከበሮ ናቸው። መምህርቷ በእነዚህ አልጀመሩም፤ በዘፈንም አልጀመሩም። ልጆቹ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻ ሳይነሣ ሆድ እንዲነፋ አድርገው አየር ሳቡ፤ ከዚያም አየሩን ቀስ ብሎ እንደሚተነፍስ ጎማ በጥርሳቸው መሃል አወጡት። መጀመሪያ እስከ ስምንት፣ ቀጥሎ እስከ አሥራ ሁለት፣ በመጨረሻ እስከ ሃያ እየተቆጠረ። ሃያ ላይ የደረሰ ልጅ ረጅም የዜማ ሐረግ ሳይቆርጥ መያዝ ይችላል። ዘፈን ለሚያስተምር ሰው ይህ ለሸማኔ ድሩን እንደ መወጠር ነው፤ ድሩ ላልቶ ጥበብ የለም።

ቀጥሎ የክራሩን አንድ ክር መቱና ልጆቹ አፋቸውን ገጥመው እንዲያንጎራጉሩት ጠየቁ። በዴስኮቹ መካከል ጆሯቸውን ዝቅ አድርገው እየዞሩ ያዳምጣሉ። የሚጮኸውን ልጅ ስሙን አይጠሩትም፤ ትከሻውን በጣታቸው ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ እርሱም ይረዳል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለ አንድ ልጅ ግን ድምፁ ከሌሎቹ በታች ብቻውን ይሄዳል። መምህርቷ አጠገቡ ቆሙ። ክራሩን ደግመው አልመቱለትም፤ እርሱ ያለበትን ዝቅተኛ ድምፅ ራሳቸው አነሡና አብረውት አንጎራጎሩ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር ሲገጥም ፊቱ ፈታ አለ። «አንተ ያለህበት ድረስ እኔ መጣሁ፤ አሁን አብረን እንውጣ» አሉት። ድምፃቸውን በትንሹ ከፍ አደረጉ፤ ተከተላቸው። ደግሞ ከፍ አደረጉ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ልጁ ክፍሉ ያለበት ድምፅ ላይ ደረሰ።

የዚህችን ሁለት ደቂቃ ዋጋ የማውቀው በራሴ ነው። በልጅነቴ ለወላጆች በዓል ስንለማመድ አንድ መምህር ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ሰማና «አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝግጅቱ እንዲያምርለት ፈልጎ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት አጨበጭባለሁ እንጂ አልቀበልም። ድምፅ የለውም የሚባል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አላጣም፤ የራሱን ድምፅ ከሌላው ጋር የሚያስተያይለት ጆሮ አላገኘም። ጆሮ ደግሞ ይገራል። ልጁን ካለበት ወርዶ ማግኘትና ደረጃ በደረጃ ይዞት መውጣት ማንም የሙዚቃ መምህር ሊማረው የሚችል ሙያ ነው።

ጆሮው የተገራ ክፍል ዘፈን ይገባዋል። መምህርቷ የመረጡት ልጆቹ ሁሉ ከሰፈራቸው የሚያውቁትን የሆያ ሆዬ ቅርጽ ነበር። በቡሄ ዋዜማ ልጆች ዱላ ይዘው ከቤት ቤት የሚዞሩበትን ይህን ጨዋታ ስንለምደው አሠራሩን ማየት ትተናል። አንድ አውራጅ አለ፤ የቀሩት ተቀባዮች ናቸው። የተቀባዩ ቃል አጭርና የማይለወጥ ነው፤ ስለዚህ ትንሹም፣ ዓይን አፋሩም፣ ግጥም የማይዝለትም ልጅ በጨዋታው ውስጥ የማይነጠቅ ቦታ አለው። የአውራጁ ድርሻ ግን ክፍት ነው፦ ደጃፉን አይቶ፣ ባለቤቱን አይቶ፣ የሚያወድስበትን ቃል እዚያው መፍጠር አለበት። ለደካማው ዋስትና፣ ለጎበዙ ሜዳ በአንድ ቅርጽ ውስጥ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አለው። ተቀባዮቹ ሲመልሱ አውራጁ ያርፋል፤ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ቀጣዩን ስንኝ ያስባል። የተቀባዮቹ ድምፅ ለአውራጁ የማሰቢያ ጊዜ ነው። ዱላው መሬት ሲመታ ደግሞ ያ ጊዜ ከልኩ እንዳይረዝምም እንዳያጥርም ይጠብቃል። ይህን የሠራው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የብዙ ትውልድ እጅ አርፎበታል። አንድን ቡድን አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲሸከመው አድርጎ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

መምህርቷ ቅርጹን ይዘው ይዘቱን ለልጆቹ ተዉት። እያንዳንዱ አውራጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ያየውን አንድ ነገር ስንኝ አድርጎ እንዲያወርድ ጠየቁ። አንዲት ልጅ ብዙ ካመነታች በኋላ ተነሥታ፣ ከአጠና ተራ ወጥቶ አጠናው ከኋላው መንገድ እየጠረገ ስለሚሄድ አይሱዙ አወረደች። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ቃል ጠፋት። ክፍሉ ሳይጠራት ተቀበለ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ በሦስተኛው ቃሉ መጣላት። ማንም አልሳቀባትም፤ የሚስቅበት ፋታም አልነበረም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የምት ነበር። የችክችካን ምት ሁላችንም በትከሻችን እናውቀዋለን፤ ሲመረመር ግን ውስጡ ሁለት ቆጠራ አለ። ስድስቱን ምት ሦስት ሦስት አድርጎ የሚከፍል ሁለት ጊዜ ይረግጣል፤ ሁለት ሁለት አድርጎ የሚከፍል ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። መምህርቷ የግራውን ረድፍ በእግር ሁለት፣ የቀኙን በእጅ ሦስት አስያዙ፤ ከዚያ አለዋወጡ፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ በእግሩ ሁለቱን፣ በእጁ ሦስቱን እንዲይዝ ጠየቁ። ግማሾቹ ተሳከሩ፤ ጥቂቶቹ ያዙት፤ የያዘው ላልያዘው አሳየ። ክፍልፋይ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ የሚከብደው ልጅ እዚህ በገላው ይሠራዋል።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ባንዱ ተቀመጠ። የአንድ ባንድ የመጀመሪያ ጥያቄ ማን ለማን ይቃኝ የሚለው ነው። ክራር ስድስት ክር አለው፤ እያንዳንዱ ይጠብቃል፣ ይላላል። የማሲንቆዋ አንዲት የጭራ ክርም እንዲሁ። ዋሽንት ግን ከሸምበቆ ተቆርጦ አራቱ ቀዳዳዎቹ ሲበሱ ቅኝቱ አብሮ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም፤ ባለዋሽንት የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ብዙ ዋሽንቶች የሚይዘውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ትልቁ ክራር ለትንሿ ሸምበቆ ይቃኛል። መምህርቷ ይህን በንግግር አላስረዱም። ባለዋሽንቷን ልጅ አንድ ድምፅ አስያዙና ክራር ያዡን «እስክታገኛት ድረስ ፈልጋት» አሉት። ልጁ ክሩን እያጠበቀ፣ እያላላ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ፈለገ። ሁለቱ ድምፆች ሲገጥሙ በመካከላቸው የነበረው መንቀጥቀጥ ጠፋ፤ ስድሳው ልጅም ሰማው።

ከበሮው ላይ የተቀመጠው ልጅ ጉልበት አለው። ከበሮ ከተቦረቦረ ግንድ ተሠርቶ በሁለት በኩል ቆዳ ይለብሳል፤ ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ባለሙያ እጅ በሁለቱ መካከል ይነጋገራል። ልጁ ግን በሰፊው በኩል ብቻ ያወርድበታል። መምህርቷ አላስቆሙትም። ቀረብ ብለው «ዋሽንቷ አሁን ምን አለች?» ብለው ጠየቁት። አላወቀም። «ዋሽንቷን ካልሰማሃት አንተ በዝተሃል ማለት ነው» አሉት። ልጁ እጁን አቀለለ፤ ጠባቡን አፍ በጣቶቹ ጫፍ መንካት ጀመረ፤ ዓይኑም ከራሱ መዳፍ ተነሥቶ ወደ ባለዋሽንቷ ሄደ። እኔ ለዚህ ትምህርት ሌላ ስም አላገኘሁለትም፤ ጨዋነት ነው። የራሱን ድምፅ መጠን በሌላው መሰማት የሚለካ ልጅ በስብሰባም፣ በትዳርም፣ በሥራም እንዲሁ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

ዜማን እንዲህ የማስተማር ሙያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማ ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ቀደም ያለው ተማሪ ኋለኛውን ያስቀጽላል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያዘጋጇቸው የዜማ ምልክቶች ስማቸው ብቻ ብዙ ያስተምራል፦ ይዘት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ደረት። ስሞቹ የሰው ልጅ በገላው የሚያደርገውን ይናገራሉ፤ መያዝ፣ መሄድ፣ መቁረጥ፣ መጫር። በአቋቋም ደግሞ ድምፅ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር፣ ከእግር እርምጃም ጋር አብሮ ይሄዳል። ሙሉ ሰው የሚማርበት ትምህርት ማለት ይህ ነው። የዚህ ሁሉ አባት የሚባለው ቅዱስ ያሬድም በትውፊታችን መጀመሪያ የምናገኘው ትምህርት ያልገባው፣ ተገርፎ የሸሸ ተማሪ ሆኖ ነው። የዜማችን ታሪክ የሚነሣው ከኋላ ወንበር ነው።

በአገራችን የባንድ ታሪክ ውስጥም እንዲሁ ልጆች አሉ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባለው የነሐስ ባንድ የተመሠረተው በእነርሱ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፉለት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙራችን ዜማ የሙዚቃ መምህር ሥራ ነው፤ የተጫወቱትም ቤተሰባቸውን ያጡ ልጆች ናቸው።

ከኮልፌ ቀራንዮ በአየር ጤናና በካራ ቆሬ አድርጎ የሚወጣው የጅማ መንገድ ወሊሶ ያደርሳል። ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ርእሰ መምህር ነበሩ። አንድ ተማሪያቸው እንደሚዘፍን ሰምተው ዝም አላሰኙትም፤ አዲስ አበባ ሂድ አሉት። ልጁ መጀመሪያ በእግሩ ወጣ፤ ዘመድ ቤት አደረ፤ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በመጨረሻ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። ጥላሁን ገሠሠ ነበር። በክቡር ዶክተር ጥላሁን ዝና ውስጥ የአንድ ርእሰ መምህር ጆሮ አለ።

የሙዚቃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ያስፈልጋል ብለው ከተነሡት ሰዎች መካከል የሃንጋሪው ዞልታን ኮዳይ አንዱ ነበሩ። ከመሣሪያ በፊት ድምፅ፣ ከባዕድ ዜማ በፊት የእናት ቋንቋ ዘፈን፣ ከሌላው ስኬል በፊት ግማሽ ድምፅ የሌለው ባለአምስት ድምፁ ይሁን አሉ፤ ምክንያቱም ግማሽ ድምፆች ለልጅ ጉሮሮ ያስቸግራሉ።  የእኛዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬም ሁሉም ባለአምስት ድምፅ ናቸው፤ ሜጀር ትዝታ ደግሞ ግማሽ ድምፅ የሌለው ነው። ኮዳይ ለአገራቸው ልጆች ፈልገው ያመጡትን መነሻ የኮልፌ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ሰምቶት ወደ ትምህርት ቤት ይገባል። መምህርቷ ክራሩን በትዝታ መቃኘታቸውም የተጠና ሥራ ነው።

ኮልፌ ደግሞ የብዙ ቤት ሰፈር ነው። አንዱ ልጅ የማኅሌት ከበሮ፣ ሌላው የመንዙማ ድቤ ሰምቶ ያድራል፤ የጴንጤ ልጅ ቤቱ ኪቦርድ አለ። ከጋሞ ደጋ የመጡ የሸማኔ ቤተሰቦች ልጆችም አሉ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ደገኛ ሕዝብ በአንድ የዜማ መስመር አብሮ ሲያዜም፣ ከጋሞ ወገን የሆኑት የዶርዜ ሰዎች በተለያየ መስመር እየገቡ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደርባሉ። ለዚህ ነው መምህርቷ ልጆቹ ከቤታቸው ዜማ ይዘው እንዲመጡ የሚያደርጉት። «ዘፈን» የሚለው ቃል የሚከብዳቸው ወላጆች እንዳሉ ስለሚያውቁም የክፍሉን ሥራ ሁሉ «መዝሙር» ይሉታል። ይህም ሙያ ነው፤ ማንንም ከደጅ አያስቀርም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። መጽሐፉ ግን አይዘምርም፤ የሚያዘምር መምህር ይፈልጋል። ጥላሁን የሚሆነው ከብዙ ሺህ አንድ ነው፤ ሙዚቃ በትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ደግሞ ይበልጡን ለቀሩት ነው፤ ነገ ነርስ፣ ሹፌር፣ ነጋዴ፣ ዳኛ ሆነው ሌላውን መስማት ለሚኖርባቸው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የሒሳቡን ውጤት ከጠየቃችሁ በኋላ ልጄ ዘንድሮ ምን ዘመረ ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ከበሮ ከሌለው አዋጥታችሁ ግዙለት። መምህራንም፣ ከክፍሉ በታች ብቻውን የሚሄድ ድምፅ ስትሰሙ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ አትበሉት። ካለበት ወርዳችሁ አግኙት፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።